ወይኑ መጀመሪያ፣ ባሕሩ በኋላ፦ ከኦክላንድ ሜንዶሲኖ የአራት ቀን የመኪና ጉዞ

ከአገር ቤት እንግዳ ሲመጣ እኛ የቤይ ኤሪያ ነዋሪዎች የምናስጎበኘው የታወቀ ነው፤ ጎልደን ጌት ድልድይ ላይ ፎቶ፣ ናፓ ደርሶ መልስ፣ ማታ ኦክላንድ ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ ክትፎ። ክፋት የለውም። ግን ናፓን በአንድ ቀን ደርሶ የተመለሰ ያውቀዋል፤ ሾፌሩ ወይ ምንም ሳይቀምስ የሌሎቹን ብርጭቆ ሲያይ ይውላል፣ ወይ ቀምሶ ይነዳል። ውቅያኖሱንም እንግዳው ከድልድዩ ላይ ሆኖ በሩቁ ካየ አየ ነው። ሦስት ሌሊት ውጭ ማደር ከቻላችሁ ወይኑንም ባሕሩንም ሳትጣደፉ ማየት ትችላላችሁ።

የምመክረው መስመር ዙሪያ ጥምጥም ነው። ከኦክላንድ በሃይዌይ 101 ወደ ሰሜን ሂልድስበርግ፤ ከዚያ ክሎቨርዴል፤ ከክሎቨርዴል በሃይዌይ 128 አንደርሰን ሸለቆን አቋርጦ ሜንዶሲኖ፤ መመለሻው በሃይዌይ 1 የባሕሩን ዳርቻ ይዞ ወደ ደቡብ። ቢግ ሰር ለምን ተተወ የሚል ይኖራል። ቢግ ሰር ውብ ነው፤ ነገር ግን ተራራው በየጊዜው እየተናደ መንገዱን ይዘጋዋል። እ.ኤ.አ. በ2017 መድ ክሪክ በሚባለው ቦታ የወረደው ናዳ መንገዱን ከአንድ ዓመት በላይ ዘግቶት ነበር። የሰሜኑም መንገድ ይዘጋል፤ ግን ማምለጫ አለው፤ ወደ በኋላ እመጣበታለሁ።

ብዙ ሰው ይህን ዙር ገልብጦ ይሄደዋል፤ ባሕሩን ያስቀድምና ወይኑን ለመመለሻው ቀን ያቆየዋል። ይህ ስህተት ነው። ወይን የሚቀመስበት ቀን መኪናው ቆሞ የሚያድርበት ቀን መሆን አለበት፤ ቀምሰው ወደ ቤት የሚነዱበት ቀን መሆን የለበትም። ሌላም አለ። በአሜሪካ መንገድ በቀኝ ነው የሚነዳው፤ ስለዚህ ሃይዌይ 1ን ወደ ደቡብ ስትወርዱ ውቅያኖሱ በእናንተ በኩል ይሆናል። ፎቶ ለማንሳት መቆም ስትፈልጉ መጪውን መኪና ሳታቋርጡ ወደ ቀኝ ወጣ ብሎ መቆም ነው። ገደል የሚያስፈራት እናት ወይም አክስት ካለች ግን ከሾፌሩ ኋላ በግራ በኩል አስቀምጧት፤ በቀኝ በኩል ከተቀመጠች ቀኑን ሙሉ ስታማትብ ትውላለች።

ቀኑን መቁረጥ

በሰኔ፣ በሐምሌና በነሐሴ ባሕሩ ዳርቻ ላይ ጭጋግ ይተኛል። እንግዳችሁ «ካሊፎርኒያ ሙቀት ነው» ብሎ በቲሸርት ይመጣና ሜንዶሲኖ ላይ ሲንቀጠቀጥ ታገኙታላችሁ። በዚያው ሰዓት ሂልድስበርግ ከ30 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሊሆን ይችላል፤ ባሕሩ ዳር ደግሞ 15 ዲግሪ። ጃኬት በየትኛውም ወር ይያዝ። ምርጡ ጊዜ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ነው፤ ጭጋጉ ይሳሳል፣ ወይኑም የሚለቀምበት ወቅት ስለሆነ በሸለቆዎቹ ውስጥ የፍላት ሽታ አለ። ዓሣ ነባሪ ማየት የሚፈልግ ግን ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ይሂድ፤ ያን ጊዜ ግራጫው ዓሣ ነባሪ በዚህ ዳርቻ ያልፋል። ዝናቡን ግን ይቻለው።

ለሚጾም ሰው መስከረምና ጥቅምት ሌላም ጥቅም አላቸው። ፍልሰታ አልፏል፣ የነቢያት ጾም ገና ነው። ጽጌን ለማይጾም፣ የሚቀረው ረቡዕና ዓርብ ብቻ ነው።

ከሳምንቱ ቀናት ደግሞ ከእሑድ እስከ ረቡዕ ያለውን እመርጣለሁ። ቅዳሜና እሑድን ይዘው የሚሄዱ ከሆነ ብዙዎቹ የሜንዶሲኖ ማረፊያዎች ከሁለት ሌሊት በታች አይቀበሉም፣ ዋጋውም ይወደዳል። እሑድ ቅዳሴ አስቀድሶ፣ ቁርስ በልቶ፣ እኩለ ቀን ላይ መነሳት ይቻላል። በአንደርሰን ሸለቆ ብዙ የቅምሻ ቤቶች ማክሰኞና ረቡዕ ስለሚዘጉ እዚያ የምትደርሱበት ቀን ሰኞ መሆኑ ይስማማል። ከመሄዳችሁ በፊት የምትፈልጉት ቤት ክፍት መሆኑን ደውላችሁ ጠይቁ።

አልጋውን ከመንገዱ አስቀድሙ

የጉዞው ዕቅድ የሚጀምረው ከካርታ ሳይሆን ከአልጋ ነው። የመጀመሪያው ሌሊት ሂልድስበርግ ነው፤ እዚያ ገንዘብ አትቆጥቡ። ከከተማው አደባባይ በእግር የሚደረስበት ክፍል ያዙ። በዛፍ በተከበበው በዚህ አደባባይ ዙሪያ ባሉት ጥቂት መንገዶች ላይ በርካታ የቅምሻ ቤቶች ተጠጋግተው ይገኛሉ፤ መኪናውን ሆቴሉ በር ላይ አቁማችሁ ቁልፉን ሻንጣ ውስጥ ትከቱታላችሁ። ክፍሉ ከአቅም በላይ ከሆነ ሳንታ ሮዛ ወይም ዊንዘር ማደር ይረክሳል፤ እዚያ ኡበር ወይም ሊፍት ማግኘት ስለሚቻል ጣጣ የለውም። አንደርሰን ሸለቆ ውስጥ ግን በኡበር ተማምናችሁ አትግቡ።

የምትቆጥቡት ሁለተኛውና ሦስተኛው ሌሊት ላይ ነው። የሜንዶሲኖ ከተማ ትንሽና ውድ ነች። 10 ማይል ያህል ወደ ሰሜን ፎርት ብራግ የሚባል የድሮ የእንጨትና የዓሣ ከተማ አለ፤ ሞቴሎቹ ተራ ናቸው፣ ንጹሕ ናቸው፣ ዋጋቸውም የሚቻል ነው። ለቀን ሽርሽር ሜንዶሲኖ፣ ለእንቅልፍ ፎርት ብራግ። ድንኳን የለመደ ደግሞ መኬሪቸር ወይም ቫን ዳም በሚባሉት የግዛቱ ፓርኮች ማደር ይችላል፤ ቦታው ከስድስት ወር በፊት ጀምሮ ስለሚያዝ ቀደም በሉ።

ስታስይዙ ሦስት ነገር ጠይቁ። እስከ መቼ ድረስ ያለ ቅጣት መሰረዝ ይቻላል? ለአዛውንት ምድር ቤት ክፍል አለ? ቁርስ የሚያቀርቡ ከሆነስ ረቡዕ ጠዋት ያለ እንቁላልና ያለ ቅቤ የሚሠሩት ነገር ይኖራል? የመጨረሻውን አስቀድሞ የነገራቸው ሰው ኦትሚልና ፍራፍሬ ይጠብቀዋል፤ ያልነገራቸው ኦምሌት እያየ ቡና ብቻ ይጠጣል።

በማይል ሳይሆን በሰዓት ቁጠሩ

ከኦክላንድ ሂልድስበርግ 70 ማይል ገደማ ነው፤ መንገዱ ክፍት ከሆነ ከአንድ ሰዓት ተኩል አያልፍም። ከክሎቨርዴል ቡንቪል 28 ማይል ብቻ ነው፤ ግን ጥምዝምዝ ስለሆነ 45 ደቂቃ ይፈጃል። ከኋላ የሚቀመጥ ሆዱ የሚገለበጥበት ሰው ካለ ዝንጅብል ይያዝለት፣ ከፊት ይቀመጥ፣ ስልኩንም ይተው። የመመለሻው ቀን ትልቁ ነው፤ ከሜንዶሲኖ በባሕሩ ዳርቻ እስከ ኦክላንድ 165 ማይል ያህል ነው። ቁጥሩን አይቶ «ሦስት ሰዓት» የሚል ሰው ይሳሳታል፤ ያለ ምንም ማቆም አምስት ሰዓት ገደማ ነው፣ እየቆሙ ከሆነ ቀኑን ሙሉ።

መኪናው

ጎማና ፍሬን አስፈትሹ። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ረግጦ ከመውረድ ማርሽ ዝቅ አድርጎ መውረድ ይሻላል። ነዳጅ ባሕሩ ዳር ውድ ነው፣ ማደያውም ተራርቆ ነው ያለው፤ ክሎቨርዴል ላይ ሙሉ፣ ረቡዕ ጠዋት ፎርት ብራግ ላይ እንደገና ሙሉ። ካርታውን ቤት ሳላችሁ ስልካችሁ ላይ አውርዱት፤ በ128 ላይም ሆነ ከጄነር በስተሰሜን ለረጅም ጊዜ ኔትወርክ የለም። የሆቴሉን አድራሻ በወረቀት መጻፍ የድሮ ሰው ሥራ ይመስላል፤ እኔ ግን እጽፋለሁ።

የካሊፎርኒያ የመንገድ መሥሪያ ቤት፣ ካልትራንስ፣ ክዊክማፕ የሚባል መተግበሪያ አለው። በየጠዋቱ እሱን እዩ። በዝናብ ወቅት የናቫሮ ወንዝ አፍ በአሸዋ ሲደፈን ውሃው ወደ ኋላ ይተኛና 128ን ያጥለቀልቀዋል። እንዲህ ሲሆን ማምለጫው በ101 እስከ ዊሊትስ ወጥቶ በሃይዌይ 20 ወደ ፎርት ብራግ መውረድ ነው።

ሁለት ሕጎችን እወቁ። ባለ ሁለት ረድፍ መንገድ ላይ ቀስ ብላችሁ እየነዳችሁ ከኋላችሁ አምስት መኪና ከተሰለፈ፣ መቆሚያ ባገኛችሁበት ወጣ ብላችሁ ማሳለፍ ግዴታችሁ ነው። ያገሬው ሰው ወደ ሥራው ነው የሚሄደው፤ ገደሉን እያያችሁ ብትጎተቱበት ጥሩምባ ይነፋባችኋል። ሁለተኛው፦ የተከፈተ ጠርሙስ፣ ቡሹ ተመልሶ ቢደፈንም፣ ሰው በሚቀመጥበት ቦታ መያዝ ክልክል ነው፤ ትራንክ ውስጥ ይግባ። ከኋላ የተቀመጠ መንገደኛም ቢሆን እየሄዳችሁ መጠጣት አይችልም።

እሑድ፦ ሂልድስበርግ

ከኦክላንድ በሪችመንድ ድልድይ ነው የምትሻገሩት። ወደ ምዕራብ ሲሻገሩ ያስከፍላል፣ በጥሬ ገንዘብ ግን የለም፤ ፋስትራክ ከሌላችሁ ሂሳቡ በታርጋችሁ ተፈልጎ ቤት ይመጣል። የኪራይ መኪና ከሆነ አከራዩ በላዩ ላይ የራሱን ክፍያ ሊጨምርበት ስለሚችል ስትከራዩ ጠይቁ።

ሂልድስበርግ ሦስት የወይን አካባቢዎች የሚገናኙባት ከተማ ነች። ድራይ ክሪክ በዚንፈንደል፣ አሌክሳንደር ሸለቆ በካበርኔ፣ የሩስያ ወንዝ ሸለቆ ደግሞ በፒኖ ኗርና በሻርዶኔ ይታወቃሉ። ሁሉንም አደባባዩ ዙሪያ በእግር እየዞራችሁ ታገኟቸዋላችሁ። ሁለት ቤት ይበቃል። ሦስተኛው ላይ ምላስ ነገር መለየት ያቆማል፤ ከዚያ በኋላ የምትከፍሉት ለመጠጥ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ትቀመጣላችሁ፣ አራት ወይም አምስት ዓይነት ወይን በየተራ ጥቂት ጥቂት ይቀዳላችኋል። ቅጂው ትንሽ ስለሆነ ሰው ይታለላል፦ አንዱ 45 ሚሊ ሊትር ቢሆን አምስቱ 225 ይሆናሉ፣ ይህም አንድ ብርጭቆ ተኩል ማለት ነው። ሁለት ቤት ከሄዳችሁ ሦስት ብርጭቆ ጠጥታችኋል። ጠረጴዛው ላይ የሚቀመጠው ባልዲ መሰል ዕቃ ለመትፊያና ለመድፊያ ነው። የቀረበልንን መትፋት ለኛ ነውር ስለሚመስል ብዙዎቻችን እስከ ጠብታው እንጨርሰዋለን። እዚህ ነውር አይደለም፤ አስተናጋጁ ራሱ ሥራውን የሚሠራው እየተፋ ነው። መትፋት ያልሆነላችሁ ቅመሱና የቀረውን ድፉት፣ ማንም ቅር አይለውም።

የቅምሻ ክፍያ ከቤት ቤት ይለያያል፣ ናፓ ላይ ከሁሉም ይከብዳል። ብዙ ቦታ ጠርሙስ ከገዛችሁ ክፍያው ይቀርላችኋል፤ ስንት ጠርሙስ እንደሆነ ሳትቀመጡ ጠይቁ። አንዱን ቅምሻ ለሁለት መካፈልም ይፈቀዳል። አክሱማይት የለመደ አፍ ካበርኔ ሲቀምስ ፊቱን ያጨማድዳል፤ ለእንደዚህ ያለው እንግዳ «ጣፋጭ ነገር አላችሁ?» ብላችሁ ያለ ሐፍረት ጠይቁለት። ወይን አዋቂ ለመምሰል የማይወዱትን ማሞገስ ገንዘብ ማባከን ነው። የገዛችሁትን መኪና ውስጥ አትተዉት፣ በሂልድስበርግ ሙቀት ይበላሻል። ወደ ክፍላችሁ አስገቡት።

ሰኞ፦ አንደርሰን ሸለቆ

ዛሬ ሾፌሩ አይቀምስም፤ ይህ ከመነሳታችሁ በፊት ይነገር። ሕጉ ከ21 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው በደም ውስጥ ያለው አልኮል ከ0.08 በመቶ በታች ይሁን ይላል፤ የ128 መጠማዘዣ ግን ከሕጉ የባሰ ጥብቅ ነው። ለሾፌሩና ለልጆች መካሻ አለ፦ ከፊሎ ወጣ ብሎ ያለው ናቫሮ ቪንያርድስ ከጌውርትስትራሚነርና ከፒኖ ኗር ወይን አልኮል የሌለው ጭማቂ ጨምቆ ይሸጣል። ቀዝቅዞ ሲቀርብ ጽጌረዳ ጽጌረዳ ይላል፤ ከወይን ጠጁ ይልቅ እሱን በካርቶን ገዝቶ የሚሄድ እንግዳ ቢኖር አይገርመኝም። ቡንቪል ላይ ፔኒሮያል እርሻ ፍየልና በግ አርብቶ አይብ ይሠራል፣ ወይን ጠጅም አለው፤ ምሳ እዚያ ነው። ሸለቆው ለቀዝቃዛ አየር የሚስማማ ወይን ያበቅላል፣ የባሕሩ ጭጋግ በወንዙ በኩል እየገባ ስለሚያቀዘቅዘው። የፈረንሳዩ የሻምፓኝ ጠማቂ ሉዊ ሮዴረርም እ.ኤ.አ. በ1982 እዚህ መጥቶ የሰፈረው ለዚሁ ነው።

በመስከረምና በጥቅምት መንገድ ዳር ፖም ይሸጣል። ሁለት ሦስት ዓይነት ቀላቅላችሁ ግዙ፤ ለረቡዕ መንገድ ስንቅ ይሆናል።

ከፊሎ ትንሽ አለፍ ብሎ ሄንዲ ዉድስ የሚባለው ፓርክ አለ። የሬድውድ ዛፎችን ማየት ሙየር ዉድስ ድረስ መጋፋትን አይጠይቅም፤ እዚህ በሰኞ ከሰዓት በኋላ ጫካው ለእናንተ ብቻ ሊሆን ይችላል። ዙሪያው አጭርና ሜዳ ስለሆነ ጉልበት የሚያማቸውም ይሄዱታል። ከዚያ በኋላ 128 የናቫሮን ወንዝ ተከትሎ በሬድውድ ጥላ ውስጥ ለውስጥ ይሄዳል፤ ቀኑ የጨለመ ይመስላል፣ ድንገት ዛፉ ያልቃል፣ ብርሃኑም ነፋሱም አንድ ላይ ይመጣሉ። እዚያ ሃይዌይ 1 ነው። ወደ ሰሜን ታጠፉና ሳይመሽ ሜንዶሲኖ ግቡ። ከመሸ አጋዘን መንገድ ላይ ይወጣል።

ማክሰኞ፦ የትም አለመሄድ

ይህን ቀን ለማረፊያ ተዉት። ጠዋት የሜንዶሲኖን የገደል አፋፍ በእግር ዙሩ። ፎርት ብራግ ላይ ግላስ ቢች አለ፤ ድሮ የከተማው ቆሻሻ መጣያ ነበር፣ የተሰባበረውን ጠርሙስ ባሕሩ እያሸ አለስልሶ ጠጠር አደረገው። ማየት እንጂ መልቀም ክልክል ነው። ልጆች ካሉ ስከንክ ትሬን የሚባለው የድሮ ባቡር ያስደስታቸዋል። ማታ ለነገው ምሳ ዳቦ፣ አቮካዶና ለውዝ ገዝታችሁ ተኙ፤ ነገ ረቡዕ ነው፣ መንገዱም ዓሣና አይብ የሚሸጥበት መንገድ ነው። ከቤት ቆሎ የያዘ ሰው ነገ ይመሰገናል።

ረቡዕ፦ ባሕሩ

ከጠዋቱ 8 ሰዓት በአሜሪካ አቆጣጠር ተነሱ። በጥቅምት መጨረሻ ፀሐይ ከምሽቱ 6 ሰዓት ትንሽ አልፎ ትጠልቃለች፤ ከጄነር በላይ ያለውን ገደል በጨለማ መንዳት የለባችሁም።

የመጀመሪያው ማቆሚያ የፖይንት አሬና መብራት ቤት ነው። የ1906ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ የድሮውን ስላበላሸው አሁን ያለው እ.ኤ.አ. በ1908 የተሠራ ነው፤ ነፋሱ ኮፍያ ይወስዳል። ጓላላ ላይ ቡና ጠጡ።

ረዘም ላለ ጊዜ የምትቆሙበት ፎርት ሮስ ይሁን፤ ክፍት የሚሆንባቸውን ቀናት ግን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። የሩስያ ነጋዴዎች እ.ኤ.አ. ከ1812 እስከ 1841 የኖሩበት የእንጨት ምሽግ ነው፤ ከአላስካ የመጡት የባሕር አውሬን ለፀጉሩ ለማደንና ለአላስካው ሰፈራ እህል ለማብቀል ነበር። ግቢው ውስጥ ከሬድውድ የተሠራ ትንሽ የኦርቶዶክስ ጸሎት ቤት አለ። ጣሪያው ላይ አንድ ክብ ጉልላትና አንድ ትንሽ ማማ፣ በላያቸው መስቀል። ሕንፃው በ1906 መንቀጥቀጥ ፈርሷል፣ በ1970 ተቃጥሏል፣ ሁለቴም እንደገና ተሠርቷል። ከእንግዶቻችን መካከል ነጠላዋን አስተካክላ የምትሳለም አትጠፋም፤ ጊዜ ስጧት።

ከዚያ 12 ማይል ያህል ወርዶ ጄነር ነው። የሩስያ ወንዝ ባሕር የሚገባበት የአሸዋ ምላስ ላይ የባሕር ውሾች ተኝተው ይታያሉ፤ ከ50 ያርድ በላይ አትቅረቡ። በዚህ ዳርቻ ሁሉ ላይ አንድ ትእዛዝ ለልጅም ለአዋቂም ይነገር፦ ለባሕሩ ጀርባችሁን አትስጡ። ሲያዩት ጸጥ ያለ ውሃ ድንገት ከሌላው ሁሉ የሚበልጥ ማዕበል ልኮ ከድንጋይ ላይ ሰው ይወስዳል፣ ውሃው በረዶ ነው፣ ዋናተኛ መሆን አያድንም። ፎቶ የሚነሳው ከደረቁ አሸዋ ላይ ነው።

ቦዴጋ ቤይ እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣው የሂችኮክ ፊልም «ዘ በርድስ» የተቀረጸባት ከተማ ነች። እዚህ ላይ ራሳችሁን መርምሩ። ሾፌሩ ከደከመ ወይም ከቀኑ 4 ሰዓት ካለፈ በፔታሉማ በኩል ወደ 101 ውጡ፣ ምንም አይቀርባችሁም። ጊዜ ካለ የቶማሌስን ባሕረ ሰላጤ ይዛችሁ እስከ ፖይንት ሬይስ ስቴሽን ውረዱ፤ ይህ ቀጭን ውሃ የተኛው ሳን ፍራንሲስኮን ባፈረሰው በሳን አንድሪያስ የመሬት ስንጥቅ ላይ ነው። በየመንገዱ ኦይስተር በጥሬው ከፍተው ሲበሉ ታያላችሁ። ለብዙዎቻችን የሚታሰብ አይደለም፤ ቆሎው እዚህ ያልቃል።

ከፖይንት ሬይስ ስቴሽን ሳን ራፋኤል 40 ደቂቃ ነው፣ ከዚያ የሪችመንድ ድልድይ፤ ወደ ምሥራቅ ሲሻገሩ አያስከፍልም። በጎልደን ጌት በኩል ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ከገባችሁ ግን ትከፍላላችሁ። ወደ አገር ቤት የሚመለሰው እንግዳ የገዛውን ጠርሙስ በእጅ ሻንጣ ይዤ እገባለሁ ካለ ከለከሉት ማለት ነው፤ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ፈሳሽ በፍተሻው አያልፍም። እያንዳንዱን ጠርሙስ በሹራብ ጠቅልላችሁ፣ በላስቲክ አስራችሁ፣ በትልቁ ሻንጣ መካከል አስቀምጡለት።